ሊደፋ የነበረው ውሃ

ቧንቧ ሠራተኛው የዋና ገንዳው ውስጥ የወደቀው የፓምፑን ጥገና ጨርሶ ሊወጣ ሲል ነበር። የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ እርጥቡን ሴራሚክ ሲረግጥ እግሩ ከዳው። ሣጥኑ ወደ አንድ ወገን በረረ፣ እሱ ወደ ሌላው። እሱ የሄደበት ወገን ጥልቁ ነበር።

የዋና አሰልጣኟ በወዲያኛው ጫፍ የሕፃናቱን መንሳፈፊያ ሰሌዳዎች እየደረደረች ነበር። ዞር ስትል ያየችው አረፋ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱ ይወጣል ብላ ትንሽ ጠበቀች። አልወጣም። ከነቱታዋ ዘላ ገባች።

ጎትታ አውጥታ ዳር ላይ ስታስቀምጠው የገንዳውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጎ ይዞ አልለቅ አለ።

«በቃ ልቀቀው፣ መሬት ላይ ነህ» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እግርህን ዘርጋና እየው።»

ዘረጋ። እውነትም መሬት ነበር። ሊስቅ ሲል ሳል ቀደመው።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«የውሃ ቧንቧ።»

«ከውሃ ጋር እየዋልክ ዋና አትችልም?»

«ቧንቧ ውስጥ አይዋኝማ።»

ሳቋ አዳራሹን ሞላው። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ አንገቷ ላይ ያለው ፊሽካ ውሃ እያንጠባጠበ ስትስቅ ቀና ብሎ አያት። ማየቱን ግን ማቆም አቃተው። እሷም መታየቷ ገባትና ፎጣ ወርውራ ፊቱን ሸፈነችው።

«እንደ ድንጋይ ነው የሰመጥከው። ሰው አንዴ እንኳ ኡኡ አይልም?»

«ድንጋይ የራሱ ክብር አለው» አለ ከፎጣው ሥር። «ሲሰምጥም ዝም ብሎ ነው።»

እሷን ሕፃናቱ «እትዬ ፊሽካ» ነበር የሚሏት። እሱ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ ሆነ።

ፓምፑ ደህና ነበር፤ እሱ ግን በነጋታው «ድምፁ አላማረኝም» ብሎ ተመለሰ። በሳምንቱም ድምፁ አላማረውም። የገንዳው ሥራ አስኪያጅ እንኳ «እኔ'ኮ ምንም አይሰማኝም» ቢል፣ «እርስዎ ጆሮዎ አልለመደም» ብሎ አሳመነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱ ሳይመጡ ዋና ይማር ጀመር።

መጀመሪያ ያስተማረችው መንሳፈፍ ነበር። መዳፏን ጀርባው ሥር አድርጋ፣ «ጭንቅላትህን ልቀቀው» ትለዋለች።

«ለማን ልልቀቀው?»

«ለውሃው።»

«ውሃውን አላምነውም።»

«እኔንስ?»

አንገቱ ቀስ ብሎ ላላ። ጆሮዎቹ ውሃ ውስጥ ስለነበሩ የሚሰማው የራሱ ልብ ብቻ ነበር። እሷ መዳፏን ካነሳች ቆይታለች። አልነገረችውም፤ ዝም ብላ ፊቱን እያየች ቆመች። እሱም ዓይኑን ሲገልጥ ሁለት እጆቿን ከውሃው በላይ አያቸው። አልሰመጠም።

«ድንጋዬ ተንሳፈፈ» አለች በሹክሹክታ።

ያቺ «ዬ» ከአፏ ስታመልጥ ሁለቱም ሰሟት። ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በራሱ መንገድ ሄደ። ከሥራ ሲወጡ ጥግ ላይ ያለችው ጭማቂ ቤት ይቀመጣሉ። ስለሰው ኩሽና ያወራላታል፤ ማን ቤት ምን ቧንቧ እንደተደፈነ፣ ከውስጡ ምን እንደወጣ። እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አንድ ቀን ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣ ቀና ሳይል፣ «እኔ እንግዲህ ላገባሽ ነው የምፈልገው፤ ሌላ ወሬ ሁሉ የመጣው እሱን ለመሸሽ ነው» አላት።

ሳቋ ቆመ። ፊቷ ላይ ደስታ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣና ሸፈነው።

«ነገ ጠዋት መልስ እሰጥሃለሁ» አለች። «መጀመሪያ የምነግርህ ነገር አለ። ከሰማኸው በኋላ ደግመህ ትጠይቀኛለህ። ወይም ትተወዋለህ።»

ያን ምሽት ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ በአንድ ላውንድሪ ቤት አንሶላ የምትተኩስ፣ ድምፅዋ ከፍ ሲል ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ናት። ልጇ ትንሽ ልጅ ሳለች ሐኪም ቤት የሰማችው ቃል አንገቷን እንደሰበረው ቀርቷል።

«በሞቴ እንዳትነግሪው» አለቻት። «ሰው አይችለውም። እኔን ይርገሙኝ፤ አንቺን ግን...»

«ማንም አንቺን አይረግምም፣ እማ።»

«እኔ አይደለሁ ያስያዝኩሽ?»

ይህን ጥያቄ ልጅቷ ስንቴ እንደሰማችው አታውቀውም። ስንቴ «አይደለሽም» እንዳለችም እንዲሁ።

በነጋታው ከመልበሻ ክፍሉ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፎጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር።

«የጉበት ቫይረስ አለብኝ» አለችው። «ሄፓታይተስ ቢ የሚሉት። ስወለድ ነው ከእናቴ የተላለፈብኝ። እሷ እንዳለባት አታውቅም ነበር።»

ፎጣውን አጣጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

«ያምሻል?» አለ በመጨረሻ።

«አያመኝም። ጉበቴን በየጊዜው እታያለሁ፤ እስካሁን ደህና ነው።»

«ትሞቺያለሽ?»

«አንተም ትሞታለህ!» ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሜ ልጅ ሆኜ እንዲህ ብላ ነበር ያስረዳችኝ። ይሄ ቫይረስ ትልቅ ሰው ላይ ሲገባ ሰውነት ባዕድ መሆኑን ያውቅና ይነሳበታል፤ አብዛኛው ሰው ተዋግቶ ያባርረዋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን የሰውነቱ መከላከያ ገና ነው፤ ማን የቤት ሰው፣ ማን ባዕድ እንደሆነ መለየት አልጀመረም። ስለዚህ ቫይረሱን ዝም ይለዋል። የእኔም ዝም አለው፤ አብሮኝ አደገ።»

«ለእኔ ይተላለፋል?»

«በምግብ አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በዚህ ውሃ አይተላለፍም። በደምና አብሮ በመተኛት ይተላለፋል። ላንተ ደግሞ ክትባት አለልህ። ተመርምረህ ትከተባለህ፣ አለቀ።»

ወደ እሷ ዞረ። ግንባሩ ተኮሳትሮ ነበር።

«ክትባት ካለው ታዲያ ምነው እንደ መርዶ ነገርሽኝ? እኔ'ኮ ሌላ ባል አለኝ ልትይኝ ነው ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ።»

ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ እንባ መጣባት። ይህን ነገር ከእሱ በፊት በሕይወቷ ለሁለት ሰው ተናግራለች። አንደኛው የጠጣችበትን ብርጭቆ በናፕኪን አንስቷል። ሌላው ስልኩን ቀይሯል። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ያላት ሰው ግን አልነበረም።

«አሁን ደግሜ ልጠይቅ?» አላት።

«ጠይቅ።»

«ታገቢኛለሽ?»

«መጀመሪያ እጅህን አድርቅ፣ ያንሸራትታል» አለችና ያዘችው።

ጥፋቱ የመጣው ከደስታው ነው። እናትና አባቱ ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ «እታለም» ነው የሚላት። ልጇንም ዋና የምታስተምረው እዚያው ገንዳ፣ እዚያችው አሰልጣኝ ዘንድ ነው። ያን ቀን ራት ላይ አፉን ሞልቶ ነገራት። ላገባ ነው፤ እትዬ ፊሽካን ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለክትባቱ ደሜን ልመረመር እሄዳለሁ።

«የምን ክትባት?» አለች እህቱ።

ነገራት። ምንም የሚደበቅ ነገር አልመሰለውም። ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና «እና ይቺ ሴት ልጄን ስታቅፍ ነው የከረመችው?» አለች። ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ግን ተነስታ ሕፃኗን ገላዋን ልታጥብ ሄደች። ልጅቷ ጠዋት ታጥባ ነበር።

በማግስቱ እህቱ ለሁለት እናቶች ደወለች። ሁለቱ ለስንት እንደደወሉ እግዜር ይወቀው።

ሥራ አስኪያጁ ለቧንቧ ሠራተኛው የደወለለት በዚያው ሳምንት ነው። «ቶሎ ና፣ ገንዳውን አስለቅቀን ልናጥበው ነው» አለው። መጣ፤ ቀጥታ ፓምፕ ክፍል ገብቶ ትልቁን ቫልቭ ከፈተው። ውሃው እያጉረመረመ መውረድ ጀመረ። እጁን እየጠረገ ወጥቶ፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣ «ምን ገብቶበት ነው? እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ፣ «ወላጆች ናቸው ያስጨነቁኝ፤ አንዲት በሽተኛ ስትገባበት ከርማለች አሉ። ያቺ አሰልጣኝ...» አለው።

ሌላውን አልሰማም። ሮጦ ተመለሰና ቫልቩን ዘጋው። ዘጋውና እጀታውን በመፍቻ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ሲወጣ አሰልጣኟ፣ የወላጆቹ ወሬ ደርሷት፣ ገንዳው ዳር ቆማ ነበር። ቱታዋን ለብሳ፣ ፊሽካዋን አድርጋ፣ ውሃው ሴራሚኩ ላይ ትቶት የወረደውን እርጥብ መስመር ታያለች።

የነካችውን ብርጭቆ ሲጥሉባት አይታለች። ገንዳ ሙሉ ውሃ ሲደፋባት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የዋኘችበት ውሃ እንደ እድፍ ሊደፋ! ያውም የምትወደው ሰው በገዛ እጁ ከፍቶት!

«ለማን ነገርክ?» አለችው።

«አላወቅሁም፣ ቫልቩን ስከፍት ምክንያቱን...»

«ለማን ነገርክ ነው ያልኩህ።»

«ለእህቴ ብቻ።»

«ብቻ!» አለች። ቃሉ አዳራሹ ውስጥ ዞረ። «እኔ እስከዛሬ አፍኜ የኖርኩትን አንተ በአንድ ራት ጨረስከው። ሂድልኝ።»

«እባክሽ...»

«ሂድ። የአንተ ነገር ይቆየኝ፤ አሁን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ጉዳይ አለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስገባት፤ ወንበር ሳበላት፣ እጁን ግን አልሰጣትም። «እህቴ፣ እኔ በግሌ ምንም የለብኝም» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው የት እንደሚደርስ ታውቃለች። «ግን ወላጅ ወላጅ ነው። በገዛ ፈቃድሽ ብትለቂ ለሁላችንም ክብር ነው።»

ደሟ ፈላ።

«የማን ክብር? አልለቅም። ማባረር ከፈለጉ ያባርሩኝ። ግን ምክንያቱን ጽፈው ፈርመው ይስጡኝ። 'ስትወለድ በያዛት ቫይረስ ምክንያት፣ በውሃ የማይተላለፍ መሆኑን እያወቅን' ብለው ይጻፉ።»

«ኧረ እንዲህ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?»

«መጻፍ ካሳፈርዎ ማድረጉ እንዴት አላሳፈረዎትም?»

ብዕሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። እሷም ወጥታ ገንዳው ዳር ያለው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በሰዓቷ እየመጣች ተቀመጠች። እጀታ የሌለውን ቫልቭ የሚከፍት ሰው ስላልተገኘ የጎደለው ውሃ ተመልሶ ተሞላ፤ የሌሎቹ አሰልጣኞች ተማሪዎች ገቡ ወጡ። እሷ የምታስተምርበት መስመር ግን ባዶ ነው። አንዳንድ እናቶች አይተዋት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ እሱ ነበር ከሁሉ ይልቅ ቆሽቷን የሚያሳርራት። «ምስኪን» እያሉ እንጀራዋን ከአፏ የሚነጥቁ!

ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ጠዋት ይመጣል። አያናግራትም፤ ሂድልኝ ብላዋለችና። ትኬቱን ቆርጦ፣ ባዶ የቀረው የእሷ መስመር ውስጥ ይገባና ዳር ዳሩን ይንቦጫረቃል። በዚያ ሁሉ አዳራሽ በእሷ መስመር የሚዋኝ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ መዋኘት ከተባለ። እሷ ወደ ሌላ ታያለች። አንድ ቀን ግን መሐል ድረስ ደፍሮ ሄደና እግሩ ሲከዳው፣ ሳታስበው ፊሽካዋን ነፋች።

«እግርህን አታጣምረው! ከወገብህ ምታ! ስንቴ ልንገርህ?»

ከወገቡ መታ። ዳር ደረሰ። ጠርዙን እንደያዘ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቀና ብሎ አያት።

«የምርመራዬ ውጤት መጣ» አለ።

«ታዲያ ተከተብ፤ እኔን ምን ትለኛለህ።»

«ክትባት አያስፈልግህም ተባልኩ።»

ከወንበሯ ተነሳች። «አለብህ?»

«ነበረብኝ። ሐኪሟ ናት ያለችው። አንድ ጊዜ ይዞኝ፣ ሰውነቴ ተዋግቶ አሸንፎታል፤ ምልክቱ ደሜ ውስጥ ቀርቷል። መቼ፣ የት፣ ከማን እንደያዘኝ ማንም አያውቅም። በፀጉር ቤት ምላጭ ይሁን በምን። እኔም አላውቅም። አንዴ ጎረምሳ ሳለሁ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ተኝቼ ነበር፤ የወፍ በሽታ ነው ብለን አለፍነው።»

ወደ ጠርዙ ጠጋ ብላ ቁጢጥ አለች። ውሃው ብቻ ጠርዙን ይመታል።

«እህትህ ምን አለች?»

ጥርሱን ነከሰ። «'ተመስገን፣ የኔ ጀግና፣ ድሮም ጠንካራ ነህ' አለችኝ። አጨበጨበችልኝ ማለት ይቻላል። ያንቺን ውሃ አስደፍታ ለእኔ አጨበጨበች። ያን ጊዜ ነው የራሴም ሥራ በደንብ የገባኝ። ያንቺን ምስጢር የራሴ ወሬ አድርጌ አወራሁት። የእኔ አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም፤ ይሄን ግን እወቂልኝ።»

ይቅርታ አላደረገችለትም። ፎጣ ግን አቀበለችው።

የወላጆች ስብሰባ የተጠራው ሥራ አስኪያጁ መላው ስለጠፋው ነው። የማይለቅ ሰው፣ የማይጻፍ ምክንያት። ስብሰባው በዚያው በገንዳው ዳር፣ በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ሆነ። የቧንቧ ሠራተኛው እህት ከፊት ተቀምጣለች። እሱ ከኋላ ቆሟል።

አሰልጣኟ እጇን ሳታወጣ ተነሳች።

«ስለ እኔ ከምታወሩ እኔን ጠይቁኝ» አለች። «ልጆቻችሁ ጨቅላ ሳሉ ከተወጉት ክትባት አንዱ የዚህ በሽታ መከላከያ ነው። ካልተከተቡ አስከትቧቸው፤ በእኔ ምክንያት አይደለም፣ ለራሳቸው። ቁስል ካለኝ ውሃ አልገባም፤ ይሄ ለሁላችሁም ደንብ ነው፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ሌላ ምን ቀረ?»

ያኔ ከኋላ ቧንቧ ሠራተኛው፣ «እኔም ይዞኝ ነበር» አለ። ወንበሮች ተንጫጩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። «የብዙዎቻችሁን ኩሽና አውቀዋለሁ። ከእጅ መታጠቢያችሁ ሥር ተኝቼ ሠርቻለሁ፤ በብርጭቋችሁ ውሃ ሰጥታችሁኛል። ያኔ ማንም ደሜን አልጠየቀኝም።»

«አንተ'ኮ ድነሃል!» አለ አንድ አባት። «ታግለህ አሸንፈሃል። እሷ ናት ያልዳነችው።»

አሰልጣኟ ወደ ሰውዬው ዞረች።

«አዎ፣ ያንኑ ቫይረስ እሱ አሸንፎታል። ሲይዘው ጎረምሳ ነበር፤ ሰውነቱ ጠላቱን ለየ፣ ተነሳ፣ አባረረ። እኔን ሲይዘኝ ገና መወለዴ ነው። ዓይኔን አልገለጥኩም። የእናቴን ፊት ከግድግዳ አለይም። ማንን ላባርር? በምን ልታገል? ልጆቻችሁን አምስት ዓመት ሞልቷቸው ታመጡልኛላችሁ፤ ውሃ ሲውጡ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲቧጥጡኝ 'ገና ልጅ'ኮ ነው' ትሉኛላችሁ። እሺ እላለሁ። እኔ የአንድ ቀን ልጅ ነበርኩ! ለእኔ ሲሆን 'ገና ልጅ ናት' የሚል ሰው የት ጠፋ? እሱ ስላሸነፈ ጀግና ከሆነ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው ወንጀለኛ የሆንኩት?»

ተቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ የፓምፑ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ሰው ሁሉ አልተለወጠም። ያ አባት ልጁን ይዞ ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት፣ አልተመለሱም። ግማሾቹ ግን ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ላቡን እየጠረገ፣ «እንግዲህ የፈለገ ያምጣ፣ ያልፈለገ ይተው» አለ፤ ያችው የድፍረቱ ጣሪያ ነበረች።

በነጋታው የመጀመሪያዋ መጪ እህትየው ሆነች፤ ልጇን በእጇ ይዛ።

«ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ መክተት ትፈራለች» አለች፣ አሰልጣኟን ሳይሆን ገንዳውን እያየች። «አንቺ ነሽ የምታውቂባት።»

«ይቅርታውስ?» አለች አሰልጣኟ።

«እ?»

«ይቅርታ ጠይቂኝ። ልጅሽን በደስታ እቀበላለሁ፤ እሷ አልበደለችኝም። አንቺ ግን በድለሽኛል፤ በዝምታ አላልፈውም።»

እህትየው ፊቷ ቀላ። ዙሪያዋን አየች። ሰው ይሰማ ነበር። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይን ዓይኗን አይታ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። «ፈርቼ ነው። ወንድሜን ሳሳድግ የፈራሁት ሁሉ ተደምሮ አንቺ ላይ ወጣ። ስፈራ ክፉ ነኝ።»

«ነሽ» አለች አሰልጣኟ። ከዚያ ለልጅቷ እጇን ዘረጋች።

ለወንድምየው ይቅርታው የመጣው ዘግይቶ ነው። እንደተለመደው ጠዋት ነበር። ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር፣ እያለከለከ፣ እየተጣመመ፣ ግን ሳያቆም ዋኝቶ ጥልቁ ጋ ሲደርስ እሷ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር። እሱም ጎኗ ሆኖ ጠርዙን ያዘ። እጇን ፀጉሩ ላይ አድርጋ ውሃውን ወደ ኋላ ጠረገችለት። ሁለቴ። ሦስቴ።

«ሁለተኛ የእኔን ነገር ሳትጠይቀኝ ብታወራ» አለች፣ «እዚሁ ነው የማሰምጥህ።»

«ኡኡ ሳልል ነው የምሰምጠው።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያናድደኝ።»

በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ስታረግዝ ሐኪሟ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ተከታተለቻት። በመጨረሻዎቹ ወራት ቫይረሱን የሚያዳክም ኪኒን ወሰደች። «ዋናው ግን ሕፃኑ እንደተወለደ የሚሰጠው ክትባት ነው» አለቻት ሐኪሟ። «ቫይረሱ ሰተት ብሎ ሳይገባ የሕፃኑ ሰውነት ጠላቱን እንዲያውቅ እናስተምረዋለን። ጊዜ አይሰጥም። በተወለደ በሰዓታት ውስጥ።» አብሮ የሚሰጥ ሌላ መርፌም እንዳለ ነገረቻት፤ ሁለቱም በክትባት ክፍሉ ይቀመጡላታል።

ልጅቷ የተወለደችው እሑድ ቀን ነው። ሴት፤ ጩኸቷ ኮሪደሩን የሚያናጋ። ነርሷ ጠቅልላ አቀበለቻት። አሰልጣኟ የልጇን ግንባር ሳመችና የመጀመሪያ ቃሏ «ክትባቱስ?» ሆነ።

«ክትባት ክፍሉ ዛሬ ዝግ ነው። ቁልፉ ያለው ሰው እረፍት ላይ ነው፤ ነገ ጠዋት...»

«ነገ?» ገና ደሟ ያልደረቀ ሴት አልጋው ላይ ቀና አለች። «ቫይረሱ እሑድ ነው ብሎ ያርፋል? ነገ ለማን ነው የሚሆነው? ሰውየውን ፈልጉልኝ! ሕፃኗን ይዤ በሩ ላይ እተኛለሁ!»

«ተረጋጊ እህቴ፣ ትደክሚያለሽ...»

«አልረጋጋም! በእኔ ተረጋግታችኋል፣ በልጄ አትረጋጉም!»

ባሏ ከክፍሉ ወጥቶ እየሮጠ ነበር። እህቱ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሁሉንም ተረኛ በር አንኳኳች። ተረኛ ሐኪሙን ከሻይ ላይ አስነሳች። ስትፈራ ክፉ ናት፤ ያን ቀን ክፋቷ ለበጎ ዋለ። ባልየው ባለቁልፉን ከቤቱ፣ ከነነጠላ ጫማው፣ ይዞት መጣ። ሁለቱም አንድ ላይ በሩ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ልጅቷ ዓመት አልፏት ስትመረመር ነጻ ሆና ትገኛለች። ያን እሑድ ግን ይህን ማንም አያውቅም ነበር። የሚያውቁት ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን ብቻ ነው።

አንዲት ጠና ያለች ነርስ መርፌዎቹን አዘጋጅታ ስትመጣ የአሰልጣኟ እናት ከጥግ ተነሳች። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። የልጅ ልጇን ተቀብላ ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ ትንሿን ጭን በመዳፏ ያዘች። ሙቀት የለመደ፣ የተላጠ የልብስ ተኳሽ መዳፍ።

«ይሄ መርፌ በቅርብ የመጣ ነው፣ አይደል?» ብላ ጠየቀች፣ በዚያችው በዝቅተኛ ድምፅዋ። «እኔ ልጄን ስወልድ አልነበረም።»

ነርሷ ለአፍታ አመነታች። ልትዋሽላት ትችል ነበር።

«ነበረ፣ እናቴ» አለች። «ያኔም በዓለም ላይ ነበረ። እኛ ጋ ለሚወለዱ ልጆች አይሰጥም ነበር እንጂ።»

«ነበረ?»

«ነበረ።»

ነርሷ ወጋች። ሕፃኗ ጮኸች። አያትየዋ ጭኑን አልለቀቀችም። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲለወጥ ልጇ ከአልጋው ሆና አየችው። ያ ሁሉ ዘመን አንሶላ እየተኮሰች፣ አንገቷን ደፍታ፣ «እኔ ነኝ ያስያዝኳት» ስትል የኖረችው ሴት ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ነበረ!» አለች። ድምፅዋ ከፍ አለ። «መድኃኒቱ ነበረ! እንዳለብኝ መርምሮ የነገረኝ የለም፣ ለልጄ የሰጣት የለም። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ብዬ ስንቴ መሞቴን ተመኘሁ! ማን ነው ያልሰጠን? ማን ነው የከለከለን? ንገሩኝ እንጂ!»

ኮሪደሩ ላይ ሰው ቆመ። ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። ባልየው እናትየውን ሊያረጋጋ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ሚስቱ ግን እጁን ያዘችና አስቆመችው። ጣቶቹን በጣቶቿ ቆልፋ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ እናቷን አየቻት። እንዲህ ስትቆጣ በሕይወቷ አይታት አታውቅም።

«ጩሂ፣ እማ» አለቻት። «ጩሂ።»